የሌለችው ውሽማ

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ምላሴ ግን ጡረታ አልወጣም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለውን ያነበበ ሰው «ይህች ሴትዮ አፍረት የላትም» እንዳይለኝ ነው። አፍረትማ አለኝ። የማፍረው ግን ሰው ባላጠፋው ነገር ሲቀጣ እያየሁ ዝም ያልኩ ጊዜ ነው።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ልሄድ መናኸሪያ ገባሁ። ሞጣ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልጠና ስለነበረ ስለ ቤተሰብ ጤና እንዳስተምር ተጠርቼ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ከሹፌሩ ኋላ አያ ስጦታው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል።

አያ ስጦታውን ቢቸና ውስጥ የማያውቅ የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ከፍርድ ቤት በፊት እሳቸው ዘንድ ይኬዳል። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ያዋለድኩት እኔ ስለሆንኩ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ስጦታው? ወዴት ነው በጠዋት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እፀገነት ልጄ። ሞጣ ነኝ። ትዳር ላፈርስ።»

«እርስዎ? ሲያስታርቁ እንጂ ሲያፈርሱ አይቼ አላውቅም።»

«ለሁሉም መጀመሪያ አለው» ብለው በዓይናቸው ተሳፋሪውን አሳዩኝ። ሰው ፊት አይወራም ማለታቸው ነው። እስከ ግንደወይን ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ግንደወይን ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ጎማውን አውርዶ ጎሚስታ ቤት አስገባና «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለ። የሹፌር ግማሽ ሰዓት ስንት እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ አያ ስጦታውን ይዤ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ወደወደቀ ግንድ ወሰድኳቸውና ተቀመጥን። እዚያ ነው ጉዳዩን የነገሩኝ።

ባልየው ይታያል ነው፣ አናጢው። ሚስቱ ስርጉት የሞጣ ልጅ ናት። መስከረም መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ፣ ልጇ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት፣ አንድ ጠዋት ሕፃኗን አቅፋ፣ ሊያርሷት የመጡትን እናቷን አስከትላ ወደ ሞጣ ሄደች። ሽማግሌዎች በስልክ ቢጠይቋት «ከእሱ ጋር አልኖርም፤ ምክንያቱን እሱን ጠይቁት» ብላ ዘጋች።

«እኛም ጠየቅነው» አሉ አያ ስጦታው። «ሴቲቱ ማን ናት? አልነው። ዝም። ሦስት እሑድ ተቀመጥን፤ ሦስቱንም እሑድ ዝም። ዘጠኝ ሽማግሌ ነን እኮ ልጄ፣ ዝምታ እሺታ ነው ብለን ፈረድንበት። እንግዲህ ከሴቲቱ እርቃለሁ ብለህ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ማል አልነው። አልምልም አለ። ይኸ ሰው ውሽማውን መተው አቅቶታል ተባለ።»

«ሴቲቱስ ማን ሆና ተገኘች?»

«ሰው ፈንታነሽን ጠረጠረ።»

ፈንታነሽን አውቃታለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ከአናጢው ቤት አጠገብ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። ይታያል ከትራፊ እንጨት መደብ ሠርቶላታል፤ ለካ ወንጀሏ ያ መደብ ኖሯል። ከጽዋ ማኅበሯ አስወጥተዋታል፣ ሽንኩርቷንም የሚገዛት ጠፍቷል።

«ትናንት ግን» አሉ አያ ስጦታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይታያል ብቻዬን አገኘኝና እያለቀሰ ነገረኝ። ሴት የለችም። ሚስቱ ያየችው… እሱን ብቻውን ነው። ገባሽ? ብቻውን ሲሆን። የማይነገር ነገር ነው።»

«ገባኝ። ሴት ከሌለች ታዲያ ሞጣ ምን ይሠራሉ?»

«ከሴት ጋር ቢሆን ይሻል ነበር ልጄ። የወንድ ወግ ነው፤ ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል። ይኸኛው ግን ውርደት ነው። ጉልበቱ አልቋል፣ ዘሩ ደርቋል፣ ነገ ዓይኑም ይጠፋል። ልጅቷን ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አላስርም። በውሽማ ምክንያት ፈረሰ ተብሎ ይቅር፣ ለእሱም ገበናው ይሸፈንለታል። ዝም አይነቅዝም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሳቸውን ባላከብር ኖሮ በዚያ ግንድ ላይ ጥያቸው እሄድ ነበር። አንዱን ባልሠራው ዝሙት ከሚስቱ ሊያፋቱት፣ ሌላዋን ባልነካችው ወንድ ስሟን ሊቀብሩት፣ ይህንንም ገበና መሸፈን ይሉታል። ግን የተማረ ሰው መቆጣት ብቻ አይበቃውም፤ ማስረዳት አለበት።

«አያ ስጦታው፣ ስሙን እኔ ልጥራልዎት። ግለ ወሲብ ይባላል። ሰው ራሱን በራሱ ሲያረካ ማለት ነው።»

ዙሪያቸውን አዩ። ከእኛ ቅርብ አንዲት አህያ ብቻ ነበረች።

«አህያዋ ሰምታለች እንግዲህ፣ እርስዎም ይስሙኝ» አልኳቸው። «ጉልበት ይጨርሳል አሉ። ባለፈው ዓመት የእርስዎን ቤት ጣሪያ ብቻውን ወጥቶ ያዋቀረው ማን ነው?»

«ይታያል።»

«ዘር ያደርቃል አሉ። የሁለት ወር ተኩል ሕፃን አባት ነው። ዓይን ያጠፋል አሉ። እሱ ምስማር በዓይኑ ለክቶ ይመታል፣ መነጽር ያደረጉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ስለ እርስዎ ዓይን ምን ብለን እንጠርጥር?»

ሊቆጡ ነበር፤ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩት።

«ቀልዱን ተይው። አንዲት ጠብታ ዘር ከአርባ ጠብታ ደም ነው የምትወጣው ሲባል ነው ያደግነው።»

«ሲባል ሰምተው ነው እንጂ ማንም አልለካውም። ዘር ከደም አይቀዳም፣ ከአጥንት መቅኔም አይደለም። ሰውነት እንደ ምራቅ ዕለት በዕለት ይሠራዋል። ቢወጣም ይሠራል፣ ባይወጣም ይሠራል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ሳገላብጥ በዚህ ምክንያት የታወረ፣ ያበደ፣ የመከነ አንድ ሰው አላየሁም። ይህን ፈርቶ እንቅልፍ ያጣ፣ ከገበያ የማይታወቅ ዱቄት ገዝቶ ጉበቱን ያስጎዳ፣ ለአቅመ ትዳር ደርሶ ጋብቻ የሸሸ ግን ስንቱን አይቻለሁ። የሚጎዳው ፍርሃቱ ነው።»

«ሚስት እያለችው ነው እኮ የምልሽ።»

«ሚስቱ አራስ ናት። ቢያንስ ስድስት ሳምንት አትቅረባት ብዬ የምመክረው እኔው ነኝ፣ እናንተ ደግሞ እስከ ክርስትናው ሰማንያ ቀን ትላላችሁ። እሺ ብሎ ታገሠ። እርስዎ ‹የወንድ ወግ› ወዳሉት ቢሄድ ኖሮ ምን ይዞላት ይመለስ ነበር? ቂጥኝ ነው? ኤች አይ ቪ ነው? ወይስ ከሌላ ሴት ልጅ? እሱ ማንንም አልነካም፣ ማንንም አላስረገዘም፣ በሽታም ቤቱ አላስገባም። አራስ ባትሆንስ? የሁለት ሰው ገላ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አይርበውም። አንዱ ሲደክመው አንዱ ይነቃል። ሌላውን ሳያስገድድ ራሱን ካሳረፈ ምን በደለ? ለሴትም ያው ነው።»

«ለሴትም?»

«ለሴትም። ገላዋን የምታውቅ ሴት ምን እንደሚያማት፣ ምን እንደሚያስደስታት ለባሏ መንገር አያቅታትም።»

አያ ስጦታው አህያዋን ትክ ብለው አዩ። ወደ እኔ ማየት ከብዷቸው ነው። እኔ ግን ከጀመርኩ አልመለስም።

«ሁሉም ልክ ነው አልልም» አልኳቸው። «ሰው ሥራውን ትቶ፣ ሚስቱን ሸሽቶ፣ ልተወው ብሎ አልቻለው ያለ እንደሆነ፣ ወይም ራሱን እስኪያቆስል ካደረሰ፣ ያኔ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ የምክር አገልግሎት አለ። ምግብም ከልክ ሲያልፍ ያማል፣ ስለዚህ ግን እንጀራ መርዝ ነው አንልም። ደግሞም ማድረግ ግዴታ አይደለም፣ ያላደረገም ምንም አይጎድልበትም።»

«መጽሐፉስ? በሃይማኖታችን ኃጢአት ነው እኮ።»

«እኔ መርፌ ወጊ ነኝ፣ ነፍስ አባት አይደለሁም። የነፍሱን ነገር ከነፍስ አባቱ ጋር ይጨርስ፤ በዚያ በር አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ይህን ያደረገ ሰው ሚስቱን ይፍታ የሚል ንስሐ ሰምተው ያውቃሉ?»

አሰቡ። «አልሰማሁም።»

«በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለውንስ?»

«እሱንማ ማን ያጣዋል» አሉ። «ይታያል ያልማለው ለምን ይመስልዎታል?» አልኩ። «ከሌለች ሴት እርቃለሁ ብሎ መማል በሐሰት መማል ስለሆነ ነው። ከዘጠኝ ሽማግሌ ፊት እግዚአብሔርን የፈራው እሱ ብቻ ነበር።»

ይህ ከአፌ ሲወጣ የበዛ መሰለኝ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከጎሚስታው ቤት የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፣ መምህሬ ‹ስጦታው ወንበር ይዘረጋል› ይሉ ነበር፣ መምህር ይሆናል ለማለት። ያ ነገር ነበረብኝ ልጄ። ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው ‹ይህ ያለበት ሰው አእምሮው ይደርቃል፣ ቅኔ አይመጣለትም› አለኝ። እውነትም ያን ሰሞን ቅኔው እምቢ አለኝ። ቤት እንኳ መሙላት አቃተኝ። የረከስኩ መሰለኝ። መምህሬን ሳልሰናበት ወጥቼ ሄድኩ፣ እንደወጣሁ ቀረሁ። ገበሬ ሆንኩ። እስከዛሬ ለሚስቴም አልነገርኳት።»

«ያን ሰሞን ሰውነትዎ እንዴት ነበር?» አልኳቸው፤ የነርስ ልማድ አይለቅም።

«ሰውነቴማ ወባ ይዞኝ ነበር። ዓመቱም ክፉ ነበር፣ ለምነን የምናገኘው ቁራሽም አልነበረም።»

«አያ ስጦታው፣ ወባ ይዞት፣ በረሃብ ላይ፣ የትኛው ተማሪ ነው ቅኔ የሚመጣለት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ሳያደርጉት እጃቸው ላይ ያዙት።

«ወባ ነበር ነው የምትይኝ?»

«ወባና ረሃብ።»

«ሃምሳ ዓመት እኮ ነው» አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ፣ እኔም አለቀስኩ። ካንዲት አህያ በቀር ያየን የለም። አንድ ሰው የተሰጠውን ጸጋ በአንድ ጓደኛ ወሬ ጥሎ ሄዶ፣ ሃምሳ ዓመት ራሱን እንደ ርኩስ ሲቆጥር ኖረ። የሚነግረው ሰው ቢያገኝ አንድ ሳምንት ኪኒን ውጦ ወደ ቅኔው በተመለሰ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ሹፌሩ ሲጣራ አያ ስጦታው ተነሱና መነጽራቸውን አደረጉ። «በራሴ ፍርሃት ነው በዚህ ልጅ ላይ የፈረድኩት» አሉ። «ሞጣ ስንደርስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። የሽምግልናውን እኔ፣ የሕክምናውን አንቺ።»

ስልጠናው ከሰዓት ስለነበረ አብሬያቸው ሄድኩ። የስርጉት እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ በር ላይ ተቀበሉን፤ ፊታቸው የፍቺ ወሬ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ስርጉት ሕፃኗን ታጠባለች። ከስታለች። አያ ስጦታው ውኃ እንኳ ሳይቀበሉ ቆመው ጀመሩ።

«ልጄ ስርጉት፣ ባልሽ ሴት የለችውም። እኛ ዘጠኝ ሆነን አለችው ብለን በሐሰት ፈርደናል።»

«እንዴት የለችውም?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «ባለ ሽንኩርቷ አይደለችም እንዴ?»

«ባለ ሽንኩርቷ ሽንኩርት ከመሸጥ በቀር ያደረገችው የለም።»

ስርጉት ከሕፃኗ ቀና ሳትል «ሴት እንደሌለች አውቃለሁ» አለች።

እናትየው ከአንዳችን ወደ አንዳችን አዩ። «ታዲያ ምን አድርጎ ነው?»

አያ ስጦታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይሸሹ ይሆን ብዬ ሠጋሁ። አልሸሹም። «ሚስቱ አራስ ናት። ሌላ ሴት ጋ አልሄደም። በገዛ ቤቱ፣ ብቻውን፣ ገላውን በገዛ እጁ አሳረፈ። ይኸው ነው» አሉ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ለዚህ ነው እንዴ ሦስት እሑድ የተቀመጣችሁት?» አሉ።

ስርጉት ሳቀችና ሳቋ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። «በስልክ ያየሁት አለ» አለች። «ዶክተር ነኝ የሚል ሰውዬ ነው። ይህን የሚያደርግ ወንድ ሚስቱን ጠልቷል፣ ልጅም አይወልድም ይላል፣ መድኃኒቱንም ይሸጣል። እኔ ደግሞ ከወለድኩ ወዲህ ሆዴን ሳየው ለራሴም አስጠላኝ። ያን ጠዋት እሱን ሳየው፣ በቃ፣ ገላዬ አስቀይሞት ነው አልኩ። ሴት ብትሆን እኮ እጣላት ነበር። ከምን ጋር ልጣላ? ለሽማግሌስ ምን ብዬ ልናገር?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሆድሽ ልጅ ተሸክሞ የወጣ ሆድ ነው፣ ይመለሳል፤ ባይመለስም ሆድሽ ነው። ሰውዬው ዱቄት ነጋዴ ነው። ባልሽ ያደረገው ከጥላቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ተቀናቃኝሽም አይደለም። ጤነኛ አዋቂ፣ ያገባውም ያላገባውም፣ የሚያደርገው ነው። ይጠላሻል ወይ ለሚለው ግን መልሱ እኔ ዘንድ የለም፤ እሱን ጠይቂው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ ውሽማ አለው እየተባለ ሲሰደብ አንቺ ያየሽውን አላወጣም። ያንቺን ስም ጠብቆ የራሱን አስረገጠ።»

«እኔን ብሎ ነው?»

«ጠይቂው።»

አያ ስጦታው ስልካቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፣ ቁጥሩን ፈልጎ መደወል ግን ስላቃታቸው ለእኔ ሰጡኝ። ደውዬ ለስርጉት አቀበልኳት። እሷም «ክርስትናዋ ቅዳሜ ነው» አለች። «ከቅዳሴ በፊት ድረስ። ደግሞ የማወራህ አለኝ። አይ፣ ቁጣ አይደለም።»

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ «ሲስተር፣ መንገድ ላይ ‹ለሴትም ያው ነው› ብላኛለች ብለው አያ ስጦታው ቅድም፣ አንቺ ከእናቴ ጋር ስታወሪ፣ ሹክ አሉኝ። እውነትሽን ነው?» አለችኝ።

«እውነቴን ነው» አልኳት። ወደ ልጇ ተመለሰች፤ ፊቷ ግን ከመጣሁበት ሰዓት የተለየ ነበር።

ቅዳሜ ይታያል ልጁን ክርስትና አስነሣ። ከሳምንት በኋላ ሦስቱም ቢቸና ገቡ።

የእኛ አገር ሽማግሌ አስታርቆ ይበላል እንጂ ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም። አያ ስጦታው ግን በማግሥቱ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አንድ ድንጋይ ከመንገድ አንሥተው በአንገታቸው ተሸከሙ። ሌሎቹ ስምንት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ተከተሉ፣ አንዳንዶቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ፈንታነሽ ቤት በር ላይ ደርሰው ተንበረከኩ።

«በሐሰት ፈርጄብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። «ሴት አልነበረችም።»

ፈንታነሽ ደንግጣ ቆመች። «ሴት ካልነበረች ምን ነበረ ታዲያ?»

«ሰው በገዛ ቤቱ፣ ማንንም ሳይበድል ያደረገው ነበር። እኛ አላወቅንም። ስላላወቅን ስም ፈለግንለት፣ የቀረበን ስም ያንቺ ሆነ።»

ያ ዓመት ሳይወጣ አያ ስጦታው የሚያስታርቋቸው ባልና ሚስቶች መጀመሪያ ወደ እኔ ይላኩ ጀመር። ሽማግሌው «ሴቲቱ ማን ናት» ብለው አይጀምሩም፤ «ሐኪም አይታችኋል ወይ» ነው የሚሉት። አራስ ያላቸው ባሎች ጥያቄያቸውን በግልጽ ይጠይቁኛል። አንድ ዱቄት ሲገዛ የነበረ ሰው ዱቄቱን ጣለ። አንዱ ከስልኩ መለየት አቅቶት ሥራውን ሊያጣ ደርሶ ነበር፣ እሱን ለምክር አገልግሎት ላክሁት፣ ተሽሎታል። ሁለት ሴቶችም መጥተዋል፣ የነሱን አልጽፍም። ሰው የገላውን እውነት ሲያውቅ ሚስቱን አይሸሽም፣ ጎረቤቱንም አያማም፤ በወባ የጠፋበትንም ቅኔ በራሱ ላይ አያሳብብም።

ፈንታነሽ ያን ቀን ድንጋዩን ከአያ ስጦታው አንገት በሁለት እጇ አወረደችው። ክብደቱ ሳያስደነግጣት አልቀረም፣ «እርስዎ ሽማግሌ፣ ትንሽ አይመርጡም ነበር?» አለቻቸው። ከዚያ ከበሩ ሥር አኖረችው። አሁንም ንፋስ ሲነሣ በሯን የሚይዝላት እሱ ነው።